የጎደለችው ጋት

ቁይ፣ ግንቦት 2002 ዓ.ም.

ለውድ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽ ጠና? ከአራስነት ተነሥተሽ እንደ ልብሽ ወጣ ገባ ማለት ጀመርሽ? ጡትሽስ ለልጁ ይበቃዋል ወይስ እንደ እምዬ ዘር ሁሉ ቶሎ ይደርቅብሻል? ባለቤትሽ ደኅና ነው? ደብረ ኤልያስ ዝናቡ ጥሎ እርሻው ተጀምሯል ሲሉ ሰማሁ። እኛ ጋ ደመናው መጣሁ መጣሁ ይልና ይሄዳል፤ ጠብ አላለም። እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ አለሁ ማለት ደኅና ነገር ከሆነ። እምዬም አለች። ከቀረበላት ትበላለች፣ ሲመሽ ጎኗን ታሳርፋለች፣ ሲነጋ ትነሣለች። ከዚህ በላይ ስለ ጤናዋ የምጽፍልሽ የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ የባልሽ ወንድም ለገበያ መጥቶ ክርስትናው በሰላም መፈጸሙን ነገረን። እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከምሥራቹ ጋር ግን ያንቺን ቅሬታም ይዞልን መጣ። «እናት እያለችኝ እንደ ሙት ልጅ ታረስኩ፤ ገንፎዬን ባዳ አገነፋልኝ» ብለሻል አሉ። አልፈርድብሽም። ልጇ የበኩሯን ስትወልድ ሳትደርስላት የቀረች እናት እኔም በዚህ አገር አላየሁም። «እግሯን ቆርጥሟት ነው» ብለን የላክንብሽን ምክንያት አንቺ እንዳላመንሽው ሁሉ እምዬም ስትልከው አላመነችውም ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እምዬ ለምን እንዳልመጣች ልነግርሽ ነው። አደራሽን፣ እንደ ልማድሽ ከመጨረሻው አትጀምሪ። ልጁን አስተኝተሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ በተራ አንብቢው።

አስቀድሜ ስለ ምስሩ ልንገርሽ። በመጋቢት «ወንድ ወለደች፤ ጤና ጣቢያ ሲመዘን ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ» የሚል ወሬ ሲደርሰን እምዬ «ኪሎውን ተይውና በእኛ ስንት ነው?» አለችኝ። አስተማሪ አይደለሁ፤ ልለውጥላት ተነሣሁ። በጣሳ ይህን ያህላል፣ በቁና ይህን ያህላል ብል አልገባ አላት። ሲያቅተኝ ሱቅ ሄጄ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ምስር አስመዘንኩና በነጠላ ጠቅልዬ እቅፏ ውስጥ አኖርኩላት። ይኸው ልጁ ይህን ያህላል አልኳት። አንገት ያለው ይመስል አንዱን ጫፍ በክንዷ ደግፋ፣ ጸሐይ እስክታዘቀዝቅ ይዛው ዋለች። ከዚያ «ደኅና ልጅ ነው» አለች። ያ ምስር እስከ ዛሬ አልተቀቀለም፤ እንደተጠቀለለ መደቡ ላይ አለ። ጠልታሽ የቀረች እንዳይመስልሽ ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት።

አሁን ወደ ወንድማችን ወደ እንዳላማው ልምጣ። የምታውቂውን ብደግምብሽ ታገሺኝ፤ ነገሩን ከሥሩ ካልያዝኩት እጄ አይጽፍልኝም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ እኔ ደብረ ማርቆስ መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ፣ እንዳላማው ወደ አባይ በረሃ ለሥራ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እንዴት እንደነበረ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥበት እምዬ ለደብራችን ማርያም ተሳለች፤ ልጄን ብታነሺልኝ ቁመቱን የሚያህል ጧፍ አበራልሻለሁ ብላ። እሱ ተኝቶ ሳለ በክር ለካችሁት። አንቺ ከራሱ በኩል ያዝሽ፣ እሷ ከእግሩ በኩል። ማርያምም ሰማቻት፣ ተነሣ። ጧፉ ግን ሳይነከር ቀረ፤ በዚያ ዓመት ንቡ ቀፎውን ጥሎ ሄዶ ሰም የሚባል ነገር በአገሩ ጠፍቶ ነበር። እምዬ ክሩን ገምዳ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ለከርሞ ይደርሳል ተባለ።

ለከርሞ ሳይደርስ ልጁ ሄደ። አባታችን ነፍሱን ይማረውና ከሞተ ወዲህ በአንድ በሬ፣ በመቀናጆ ማረስ ሰልችቶት እንደነበር ታውቂያለሽ። የመሬቱ ደብተር የመጣ ቀን ትዝ ይልሻል? እኛ ሦስት ጥማድ የምንለውን 0.75 ሄክታር ብለው ጽፈውት ሲያይ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ዜሮ ብሎ በሚጀምር መሬት ላይ ማን ልጁን ይድርልኛል?» አለ። ሦስት ጥማድ ሲባል መሬት ይመስል ነበር። ሄክታር ሆኖ ሲያየው ግን አነሰበት፤ ያው መሬት፣ ያው ድንጋይ። ከመኸር በኋላ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ገባ። እምዬ የመሬቱን ማነስ ልቧ አልተቀበለውም። «ስለቴን ሳላደርስ ብቀር ማርያም መልሳ ወሰደችብኝ» አለች፤ ያ ነገር ከዚያ ወዲህ ከአፏ አልጠፋም።

ዘንድሮ ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ ላከ። የታች ሰፈሩ ነጋዴ አስማማው አዲስ አበባ እንዳየው ነገረን፤ እንዳላማው ከሲሚንቶ ጭነት ላይ ወጥቶ፣ መኪናው ሲነሣ «ሂድና ጠላ ይጥመቁልኝ በልልኝ» ብሎት ነበር። እምዬ ጠመቀች። ጥምቀት ገባ፣ ታቦቱም ወርዶ ተመለሰ፣ ጠላው ኮመጠጠ። እሱ አልመጣም። ላንቺ «ሥራ ይዞት ቀረ» ብለን ነው የላክንብሽ፤ ያኔ እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው።

በየካቲት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሳይበተን፣ ዲያቆኑ ከወረዳ የመጣ ማስታወቂያ አነበበልን። ከደጀን በታች አንድ የጭነት መኪና ገደል ገብቷል፤ ከጭነቱ ላይ የተሳፈረ አንድ ሰው ዘግይቶ ተገኝቷል፤ ፊቱ አይለይም፣ መታወቂያ አልያዘም፣ እዚያው ደጀን ተቀብሯል። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ሰውነቱ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ነበረ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። የሚያውቀው ቢኖር ለፖሊስ ያመልክት ይላል። ማተብ ያላሰረ ማን አለ? ሰማያዊ ሹራብስ ገበያውን ሞልቶት የለም? የሚያዝ ነገር የነበረው ቁመቱ ብቻ ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እዚህ አገር ሜትር የሚታወቀው ለአቡጀዲና ለቆርቆሮ ነው፤ ሰውን በሜትር የለካ የለም። ጎረቤታችን አያ ቢተው «ልጄ፣ ይህ በክንድ ስንት ይሆናል?» አሉኝ። እኛ በትምህርት ቤት ክንድን ግማሽ ሜትር ብለን እንይዘዋለን፤ ሦስት ክንድ ተኩል ያህላል አልኳቸው። ወዲያው ልጃቸውን አቁመው በገዛ ክንዱ ለኩት፤ አራት ክንድ ሊሞላ ትንሽ ጎደለው። ከዚህስ ያጥራል ብለው ምስጋናው የሚሉትን ድንክ ሰው አቆሙ፤ እሱም በክንዱ አራት ሊሞላ ትንሽ ጎደለው። ከሁሉ የሚረዝመውን ጠሩ፤ እሱም ያው ሆነ። ግራ ገባቸው። ክንድ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ሰው ሁሉ በገዛ ክንዱ ሲለካ እኩል ነው፤ ለዚህ ነው የማንም ክንድ ያልሆነ መለኪያ ያስፈለገው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ለአምስተኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ የምነግራቸው ነው። የሚሰማኝ ግን አልነበረም፤ ሁሉም የገዛ ክንዱን ያይ ነበር።

«የስለቱ ክር አለ አይደለም እንዴ?» ያሉት የንስሐ አባታችን ቄስ አካለ ወልድ ናቸው። ነገሩ ለሁሉም በራለት። ሰዉ ተከትሎን ቤት መጣ፣ እኔ ከትምህርት ቤት የእንጨቱን ሜትር ይዤ ደረስኩ። ክሩን ከምሰሶው ያወረደችው እምዬ ራሷ ናት። አራት ሆኖ የተገመደ፣ ድርቅ ብሎ የከረረ፣ ሁለት ጫፉ የተቋጠረ ክር ነው። ደጅ ላይ ሰሌን አንጥፈን፣ አያ ቢተው አንዱን ጫፍ ቄሱ ሌላውን ይዘው፣ እኔ ለካሁ። አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት መጣ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

ስንት ተለያየ አሉኝ። አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር አልኩ። እሱ ደግሞ ምን ያህል ነው ሲሉኝ እጄን ክሩ ጫፍ ላይ አኑሬ አንድ ጋትና ጣት ተኩል ያህል መሆኑን አሳየኋቸው። አያ ቢተው ፈገግ አሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ከዚያ ወዲያ ጋት አይጨምርም፣ በሬም ጥርሱን ከጨረሰ ቁመት አያወጣም አሉ። ቄስ አካለ ወልድ አማተቡ። ወንዶቹ «ተመስገን፣ የእኛ አይደለም» ተባባሉ። ሴቶቹ ግን ዝም ብለው እምዬን ያዩ ነበር፤ እማማ ወለተ ሰንበት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ልብ አላልኩትም። እምዬ ክሩን ከሰሌኑ አነሣች፣ ጫፉን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ ከዚያ ቀና ብላ እልል አለች። ሴቶቹ እልል ያሉት እሷ ከጀመረች በኋላ ነው።

እኔ በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እስካሁን ያስተማርኩት ነገር ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ያዳነ መሰለኝ። አንቺ ያኔ ወርሽ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እምዬ እንዝርት አልነካችም። ትከሻዬን አመመኝ አለች፤ ሙዳይዋን ከአልጋው ሥር አስገባችው። አንድ ቀን ሽሮ እየለቀመች ደጀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሱን ተይና ጠዋት የተነሣ ሰው የት ያድራል አለችኝ። እንደ ጨዋታ ወስጄው ኪሎ ሜትሩን ወደ እግር መንገድ ለወጥኩላት፤ አንድ ሰው በሰዓት ይህን ያህል ይሄዳል ብዬ፣ እረፍቱን ጨምሬ። «አይከብድም» አለችና ሽሮዋን መልቀም ቀጠለች። ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠየቅኋትም። የዋህ ነኝ እኮ እታለሜ፤ ሁልጊዜም «መጽሐፍ ስታዪ ሰው አታዪም» ትዪኝ ነበር።

ያንቺ የምሥራች ከመጣ በኋላ፣ ክፍል ውስጥ የመለኪያው ትምህርት ደረሰ። ከኪሎ ሜትር እስከ ሚሊ ሜትር ሰሌዳው ላይ ደረጃ እሠራለሁ፤ ስትወርዱ በአሥር አባዙ፣ ስትወጡ በአሥር አካፍሉ እላለሁ። ልጆቹ ይህን ትምህርት ይወዱታል። ያለን የእንጨት ሜትር አንድ ብቻ ስለሆነ ለየቡድናቸው አንድ አንድ ሜትር የሚሆን ክር ልሠራላቸው አሰብኩ። ከእምዬ ሙዳይ ክር ወሰድኩ፣ በእንጨቱ ሜትር ልክ አራት አራት እያደረግሁ ቆረጥኩ። ነጠላ ክር በልጆች እጅ አይበረክትም ብዬ አራቱን ገምጄ አከረርኩት። ሳንቲ ሜትሩን በቀለም ላመለክትበት ከሜትሩ ጋር ሳስተካክለው አጠረ። ዘጠና አራት ሆነ። የአቆራረጤ ስሕተት ነው ብዬ ሌላ ሠራሁ፣ እሱም ዘጠና አራት ሆነ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በጊዜዬ መባከን ነው። ከዚያ የስለቱ ክር ትዝ አለኝ።

ልጆቹ እረፍት ወጥተው ነበር። ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ላይ ሠራሁት። መቶው ተገምዶ ዘጠና አራት ከሆነ፣ ተገምዶ መቶ ስልሳ ሦስት የሆነው ክር ሳይገመድ ስንት ነበር? መቶ ሰባ ሦስት ከምናምን መጣልኝ። በእጄም በአፌም ደጋግሜ ሠራሁት፤ ከዚያ አይወርድም። መቶ ሰባ አራት ሊሞላ የጎደለው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አትሳቂብኝና፣ ያቺን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያዝኳት። ከአተር ፍሬ አትበልጥም። ግን «ሂሳብ በግምት አይሄድም፤ ትንሽ የጎደለው ያው ጎደሎ ነው» እያልኩ ልጆቹን የምቆጣ እኔ አይደለሁም? እንግዲያው ያ ሰው የእኛ አይደለም፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይለያያል እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ሌላም ተስፋ ነበረኝ። ምናልባት እምዬ የለካችው ክሩን ከገመደችው በኋላ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት የእንዳላማው እውነተኛ ቁመት ነው። ያን የምታውቁት አንቺና እሷ ብቻ ናችሁ። ላንቺ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ፣ አራስ መሆንሽ ትዝ ሲለኝ መልሼ አስገባሁት። እሷን ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ደጅ ጸሐይ ላይ ተቀምጬ ሌላ ክር ስገምድ እምዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ምን እየሠራሽ ነው አላለችኝም። እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። በጣቶቿ መካከል አንከባለለችው።

«ላልቷል» አለችኝ። «የስለት ክር እንዲህ አይላላም፤ ሰም ሲጠጣ ይተረተራል። ጠበቅ ስታደርጊው ደግሞ ከዚህም ይሰበሰባል።»

ግማሿ ሳንቲ ሜትር እዚያው ደጅ ላይ ከእጄ ወጣች። ይህን የምትለኝ ነጠላውን ክር ለክታ የገመደች ሴት ናት። የምጠይቃት ነገር አልቀረኝም። «ታዲያ ያን ቀን እያወቅሽ?» አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ የሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ ነገረችኝ። መቶ ስልሳ ሦስት ብዬ ስጠራ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ባታውቅም፣ እጄን ዘርግቼ ጎደለ ያልኩትን ስታይ ግን ክሩ ሲገመድ የበላው ያንኑ ያህል መሆኑን አውቃለች። የሚፈትሉት ሴቶችም አውቀዋል፤ እሷ ምን እንደምታደርግ ነው ዝም ብለው ሲያዩ የነበረው። እሷ ደግሞ በዚያች ሰዓት ያየችው አንቺን ነው። እዚያው ብትጮህ፣ ለቅሶው በሳምንቱ ገበያ ደብረ ኤልያስ እንደሚደርስ፣ አንቺ ያን ሆድ ይዘሽ መሬት ላይ እንደምትወድቂ አየች። ስለዚህ እልል አለች። ሴቶቹም ገብቷቸው ተከተሏት። እስከ ዛሬ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ ውኃ ሲቀዱ እርስ በርስ፣ ቤታቸውም ለባሎቻቸው የተናገሩ አይመስለኝም።

«አንዱን አልመልሰው» አለችኝ። «ሁለቱን ላትርፍ ብዬ ነው።»

አራስ ቤትሽ ያልመጣችበትንም ምክንያት ያን ጊዜ ነገረችኝ። «አንቺን በሜትርሽ አለፍኩሽ። እሷን ግን በዚህ ፊቴ አላልፋትም፤ ገና ደጃፍ ስረግጥ ታውቅብኛለች» አለች። ስንቁ ተቋጥሮ፣ ቅቤው ተነጥሮ ነበር እኮ። ሁለት ጊዜ እስከ መኪናው መቆሚያ ሸኝቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እግሬን ብላ ተመለሰች፤ እኔ ሞኟ እግሯን በቅባት አሸሁላት።

ይኸው ነው እታለሜ። እናትሽ ያልመጣችው ስለዚህ ነው።

እኔ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። ክፍል እገባለሁ፣ ደረጃውን እስላለሁ፣ ስትወርዱ አባዙ ማለት ጀምሬ ጠመኔውን አኖራለሁ። መቶ ሰባ አራት ሳንቲ ሜትር ስንት ሜትር ነው ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ ሁሉ እጁን ያወጣል፤ ነጥቧን ሁለት ቤት ወደ ግራ ማንቀሳቀስ ነው። እንዳላማው ከዚያ ወዲያ ወደ ምን ይለወጣል? ያን የሚጠይቀኝ የለም፣ ቢጠይቀኝም አላውቅም። የማንም ክንድ ያልሆነ መለኪያ እያልኩ ያደነቅሁት ነገር፣ አንድን ሰው እስከ ሳንቲ ሜትሩ ለክቶ ስሙን ሳያውቅ የሚቀብር ሆኖ አገኘሁት። ደስታ የሚባል ነገር ዳግመኛ ቤታችን የሚገባ አይመስለኝም። ይህን የምጽፈው ልቤ እንዲቀለኝ ብዬ ሳይሆን፣ ከዚህ የተሻለ የምለው ስላጣሁ ነው።

ከሁሉ የሚከፋኝ ደግሞ ፍትሐት አለማግኘቱ ነው። ደጀን የቀበሩት ሰዎች ደግ ሰዎች ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ማተቡን አይተው ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አሳርፈውታል አሉ። ግን ማን ብለው ይጥሩት? ክርስትና ስሙ ገብረ ኪዳን መሆኑን ማን ይንገራቸው? እዚህ ፍትሐት ይደረግ ብትል አገሩ ሊሰማ ነው፣ አገሩ ከሰማ አንቺ ልትሰሚ ነው። ስለዚህ እምዬ ዝም አለች። ልጇን ያለ ጸሎት አስቀምጣ ልጅሽ ክርስትና እስኪነሣ ጠበቀች። በየሰንበቱ ከቅዳሴ ስንወጣ ሰዉ «እንዳላማው ደብዳቤ ጻፈ ወይ?» ይላታል፤ «ይጽፋል» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ክርስትናው መፈጸሙን ስንሰማ «አሁን ትምጣ» አለችኝ። «ግን መርዶ በወረቀት አይላክም» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ልማዱን አላጣሁትም፤ ሽማግሌ በማለዳ ይሄዳል፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይነገረዋል። ወይም ደግሞ ሰው እንደሚያደርገው «እናትሽ በጠና ታማለች፣ ድረሺ» ብዬ ልልክብሽ እችል ነበር። ያኔ መንገዱን ሁሉ ለእምዬ ስታለቅሺ ትመጪያለሽ፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ስታዪያት ደግሞ ያለቀስሽው ለማን እንደሆነ ይጠፋሻል። ያን ለጠላቴም አልመኘው። ስለዚህ መርዶ አልጻፍኩልሽም። የጻፍኩልሽ የክር ርዝመት ነው። መፍተል ከእምዬ የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ክሩንም ከራሱ በኩል የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ የቀረውን ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ትናንት እምዬ ሙዳይዋን ከአልጋው ሥር አወጣች። ከዚያ እሑድ ወዲህ እንዝርት ስትይዝ ያየኋት ትናንት ነው። ጥቂት ፈተለች፣ አራት አድርጋ ገመደች፣ አከረረች። ከዚያ ጠራችኝና ሜትርሽን አምጪ አለችኝ። አመጣሁ።

«አሥራ አንዷን ለኪልኝ» አለች። «ይህችን ግን ከከረረች በኋላ ነው የምትለኪያት።»

ለካሁላት። አጠር ያለችውን ክር ከስለቱ ክር ጫፍ ላይ፣ ከእግሩ በኩል ቀጠለቻት። መጋጠሚያዋን በጥርሷ አጥብቃ፣ በምራቋ አልሳ፣ ዐይን እስከማይለያት ድረስ አስተካከለቻት። ከዚያ ሁለታችን ሰሌኑ ላይ ዘረጋነው፤ ልክ መቶ ሰባ አራት ሆነ። እምዬ ክሩ አጠገብ ቁጭ ብላ እጇን ከላይ እስከ ታች አስኬደችበት፤ ሲያመው እንደምታሸው አድርጋ።

ሰሙ ተገኝቷል፤ ጎረቤታችን ወልደ ሰንበት ከቀፎው አምጥቶልናል። ጧፉን ግን አልነከርነውም። ያን ያህል ረጅም ክር ለመንከር ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ መያዝ አለበት። ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። ከራሱ በኩል እህትሽ ናት የምትይዘው፣ ያኔም እሷ ናት የያዘችው አለች። ጧፉ የሚበራው በፍትሐቱ ቀን ነው፤ እምዬ በዚህ ሳምንት በንስሐ የነገረቻቸው ቄስ አካለ ወልድ ያን ቀን እስክንነግራቸው ይጠብቃሉ።

ልጅሽን አዝለሽ ነይ። ባልሽን አስከትዪ፣ ብቻሽን መኪና አትሳፈሪ፤ ከጭነት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትውጪ። መደቡ ላይ ያለውን ምስር አንሥተሽ በምትኩ ልጁን እቅፏ ውስጥ አኑሪላት። እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም፤ ያን ጊዜ የምታለቅስ ይመስለኛል።

የደብራችን ማርያም መንገድሽን ታቅናልሽ። ልጅሽን ከክፉ ዐይን፣ ከንዳድ፣ ከገደል ትጠብቅልሽ፤ ቁመቱን ለማወቅ ክር የማያስፈልግሽ፣ ሁልጊዜ ከፊትሽ ቆሞ የምታዪው ልጅ ታድርግልሽ። እስክንገናኝ አምላክ አንቺንም እኛንም ያጽናን።

አንቺ ካልመጣሽ ክሩን የሚይዝላት የሌላት፣

ታናሽ እህትሽ